ፊደል አልይዝ ያለው ወረቀት

ፌሌቲ ሰው ሁሉ በአንድ ጽዋ የሚቀባበለው የካቫ መጠጥ ተራው ደርሶ ሲሰጠው የሰው ከንፈር የነካውን ጠርዝ በመሐረቡ ጠርጎ ነው የሚጠጣው። በቫቫኡ ደሴቶች ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም። ነውር መሆኑን ያውቃል፤ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ነውር ነው ተብሏል። ግን አይችልም። ዝንብ ያረፈበትን ጎደሬ ለአሳማ ይጥላል። ሰው ከጨበጠው ደግሞ ያ ሰው ዞር እስኪልለት ጠብቆ እጁን ይታጠባል። ሚስቱ ሌሲየሊ፣ «ያገባኝ ወዶኝ መሰላችሁ? አባቴ ሳሙና ስለሚሸጥ ነው» እያለች ሴቶቹን ታስቃለች።

እንዲህ ያለው ሰው የሚተዳደረው በጥቁር ዱቄት መሆኑ ነው የሚገርመው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ኔያፉ በሚገኝ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሲያባዛ ኖሯል። የያኔው ቀለም እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ ጥፍር ሥር ከገባ ሳምንት የማይወጣ ነበር፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ትምህርት ቤቱ አዲስ ማሽን ሲያስመጣ አሮጌውን ሌዘር ፕሪንተር ለእሱ ሰጡት። ከወደቡ በላይ ያለች አንዲት ክፍል አጽድቶ አስቀመጠውና ነጭ አንሶላ አለበሰው። ከዚያ ወዲህ መንደራችን ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ይጠራሉ፣ ቀጥሎ ፌሌቲ። የቀብር ጸሎት፣ የመዝሙር ወረቀት፣ የምረቃ ጥሪ የሚወጣው ከዚያች ክፍል ነው። የተቀባባ ወረቀት ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

የመንደራችን ሴቶች ማኅበር መሥርተው የሄይላላ አበባ የተነከረበት የኮኮናት ዘይት መሸጥ ሲጀምሩ የጠርሙሱን ሌብል እንዲያትም የተመረጠውም እሱ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቶአካሴ ነበሩ፤ የፌሌቲ አባት ታላቅ እህት። የአባት እህት ፊት የወንድሟ ልጅ ቁጭ ብሎ እንጂ ቆሞ አይናገርም። ከቤቱ ያማራትን ብታነሣ አይከለክላትም። እሷ የተቀመጠችበት ላይ አይቀመጥም፣ አልጋዋ አጠገብማ አይደርስም። በዚህ ላይ ቶአካሴ በዘመዱ ሁሉ የተፈሩ ሴት ነበሩ። ፍራሻቸው ሥር የተነጠፈው ሰሌንና የዛፍ ልጥ ጨርቅ በየቀብሩና በየሠርጉ ይወራለታል። «የቶአካሴ አልጋ» ሲባል ያልሰማ የለም፤ ያየው ግን የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ባሕር ማዶ ኦክላንድ ካለው የዘይቱ ገዢ አንድ ካርቶን ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ ዘይት በሚጨመቅበት አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ዕቃ ወደ ወደቡ የሚያመላልሰው የፌሌቲ ዘመድ ማናሴ ካርቶኑን ከፍቶ ደብዳቤውን አነበበላቸው። ጽሑፉ በደንበኞች እጅ ላይ እየቀረ ነው፤ የአንዲት ሴት ነጭ ቀሚስ ተበላሽቷል፤ ሐሙስ በሚነሣው መርከብ ስድስት መቶ ጠርሙስ፣ የማይለቅ ሌብል ተለጥፎበት ካልተላከ ገዢው ከሌላ ደሴት ማኅበር ጋር ይዋዋላል።

ቶአካሴ አንዱን ጠርሙስ አነሡና አውራ ጣታቸውን በሌብሉ ላይ አሻሹ። የኤሊዋ ሥዕል ከነአንገቷ ጠፋች። ጣታቸው ጠቆረ። ጣታቸውን ከራሳቸው አርቀው፣ የሞተ አይጥ የያዙ ይመስል ዘርግተው ለሁሉም አሳዩ።

«የወንድሜ ልጅ እጁን ቶሎ ቶሎ ይታጠባል ስትሉ ነበር» አሉ። «የሚታጠበው ለካ ስለሚቆሽሽ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቶአካሴ ሲናገሩ ይሳቃል።

ፌሌቲ በሩ አጠገብ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። «እስከ ሐሙስ አስተካክላለሁ፣ አክስቴ» አለ።

«ታስተካክላለህ። አለዚያ የእነዚህን ሁሉ ሴቶች የሁለት ዓመት ልፋት በአንተ ጣት ጠርገህ ጣልከው ማለት ነው።»

ሲወጣ ማናሴ ትከሻውን ሊመታው እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። «ይቅርታ፣ ልነካህ ነበር። ሸሚዜ ነጭ ነው» አለው።

«ሸሚዝህ ነጭ የነበረው የገዛኸው ቀን ነው» አለ ፌሌቲ።

ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ የጠረጠረው ጥቁሩ ዱቄት ያለበትን ዕቃ፣ ቶነሩን ነበር። አሮጌውን አውጥቶ፣ ዱቄቱ እንዳይበን ትንፋሹን ይዞ፣ ለፋሲካ ያስቀመጠውን አዲስ ቶነር ከተተ። አንድ ገጽ ሌብል አተመ። ሲወጣ ያማረ ነበር፤ ኤሊዋ ጥርት ብላለች፣ የመንደራችን ስም ደምቋል። በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሻሸው። ለቀቀ። ፕላስተር ለጥፎ ሲያነሣው ፊደሎቹ ፕላስተሩ ላይ ተገልብጠው ወጡ።

ቀጥሎ ሙቀቱን መረመረ። ዱቄቱ ወረቀት ላይ የሚይዘው ቀልጦ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ደግሞ ብዙ ሙቀት ይጠጣል። ስለዚህ ለማሽኑ ወረቀቱ ሌብል መሆኑ ሊነገረው ይገባል፤ ያኔ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፣ የሚያሞቀውም ሮለር ይበልጥ ይግላል። ይህን ፌሌቲ ገና ድሮ አስተካክሎታል። አሁንም እንደተስተካከለ ነው። ከዚያ በላይ ባለው፣ ከሁሉ ወፍራም ለሆነው ወረቀት በተመደበው ሙቀት ሞከረ። ክፍሉ የተቃጠለ ሙጫ ሸተተ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዱ ሌብል ከውስጥ ተላቆ ሮለሩ ላይ ተጠቀለለ። ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ጎኑን ከፍቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር እየፋቀ አወጣው። የወጣው ነገር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ አክታ የሚሳብ ነበር። ስንጥሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ አውጥቶ ጣለውና እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሙና ይዞ አዳራሹ ሄደ። ምናልባት ሲለጥፉት የሚያበላሹት ሴቶቹ ይሆናሉ ብሎ ነው።

«ከመለጠፋችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡልኝ» አላቸው። «ዘይት ዱቄቱን ያስለቅቀዋል።»

ኤሴታ የምትባል፣ አፏ የማያርፍ መበለት ቀና ብላ አየችው። «ስማ ፌሌቲ፣ እጃችን ዘይት ባይነካ ኖሮ አንተ ምኑ ላይ ትለጥፍ ነበር? ባሕሩ ላይ?»

«እኔ የምለው...»

«ገባን። አክስትህ ትናንት ቆሻሻ አሉህ፣ ዛሬ አንተ ደግሞ እኛ ላይ ልታራግፈው መጣህ። ስጠኝ ሳሙናውን፣ ለልጆቼ ይሆነኛል።»

ታጥበው ለጠፉ። ያው ለቀቀ።

ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጦ የቀብር ጸሎት የሚያትምበትን ተራ ወረቀት ከተተና ያንኑ ሌብል አተመበት። አሻሸው። አለቀቀም። በጥፍሩ ፋቀው፣ በእርጥብ ጨርቅ አሸው፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ፊደሉ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። እንግዲህ ማሽኑም ቶነሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ጥፋቱ የሌብሉ ወረቀት ነው። ያላተመበትን አንድ ገጽ አንሥቶ መስኮቱ ላይ ለጠፈና ብርሃኑን አሻግሮ አየ። ጠርዙ ዙሪያውን፣ መሐሉም ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ወረቀት ይመስል ብርሃን የሚያስተላልፍ ቦታ ነበረው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሄይላላ ሸተተው፤ ከሄይላላው ሥር ደግሞ የከረመ፣ የቆመጠጠ ቅባት።

ያኔ አስታወሰ። የሌብሉ ሳጥኖች ከዋና ከተማው ከኑኩአሎፋ በመርከብ የመጡ ቀን ተሸክሞ የወሰዳቸው ራሱ ነው። ቶአካሴ፣ «የከበረ ዕቃ እሱ ቤት አይቀመጥም፣ ከእኔ ዘንድ ይሁን» ብለው በጥሪታቸው ሁሉ ላይ እንደሚያደርጉት ከፍተው ዘይት አርከፍክፈውበት፣ ከሰሌኑና ከልጥ ጨርቁ ጋር ፍራሻቸው ሥር ከተዋቸው። በእኛ አገር ውድ ነገር የሚከበረው እንዲሁ ነው፤ ይቀባል፣ ይነጠፋል፣ ይተኛበታል። ማንም ስህተት አላለውም። ፌሌቲም አላለውም። ከሳጥኖቹ አንዱን ቶአካሴ ሰጥተውት ነው እስካሁን ሲያትምበት የቆየው።

ማታ እራት ላይ ለሌሲየሊ ነገራት።

«ታዲያ ንገራቸዋ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ዘይትዎ አበላሸው ብለህ ነዋ።»

«አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ? እኔ እዚያ ቤት ከአሳማው በታች ነኝ። ባለፈው ቀብር ላይ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ሥጋ በእጄ ስለነካሁት ሌላ ሰው እንዲያጥበው አድርገዋል» አለችና ካሳቫዋን መቁረስ ቀጠለች። «ወደቡ ሱቅ ሌላ ሌብል የለም?»

«የለም። ኑኩአሎፋ ያለውም የሚደርሰው መርከቡ ከሄደ በኋላ ነው። ሌላ ሌብል ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። የሳጥኑ መሐል ድረስ ዘይቱ ካልደረሰ ይተርፋል።»

«እንግዲህ ንጹሕ መባል ከፈለግህ ትናገራለህ» አለችው። «ሐሙስ ደግሞ ሩቅ አይደለም።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ፌሌቲ ለእኔ የነገረኝ ቶአካሴ ተቀብረው፣ ፍራሻቸውም ተነሥቶ ጉዱ ለሁሉ ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ታላቅ ፊት ሲቀረብ ለአክብሮት የሚታጠቁትን ሰሌን ወገቡ ላይ ታጥቆ አክስቱ ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አጎንብሶ ጠበቀ።

«ግባ» አሉት። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤአለሁ፣ አክስቴ።»

«ማሽንህስ ታጠበ?»

«እየተስተካከለ ነው። የቀሩትን ሳጥኖች ልወስድ መጥቼ ነው።»

«መልካም። እነዚህን ደግሞ እንደ በፊቶቹ አታርክሳቸው» አሉና ከመስኮቱ ደፍ ላይ የዘይት ጠርሙሳቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ልቀባቸውና ትወስዳለህ። ደርቀው ይሆናል።»

«አክስቴ፣ አይቀቧቸው።»

ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። በሕይወቱ አንድም ቀን አይሆንም ብሏቸው አያውቅም። አባቱም ብሏቸው አያውቅም።

«ምን አልክ?»

ፌሌቲ የያዘውን ክላሰር ከፍቶ ሁለት ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋ፤ አንዱ ተራ ወረቀት፣ አንዱ ሌብል። ሁለቱም ላይ ያችው ኤሊ አለች። ወደ እግራቸው ገፋ አደረጋቸው።

«ይሹት።»

ቶአካሴ ዝቅ ብለው በግራ እጃቸው ተራውን አሹ። ጣታቸውን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ሌብሉን አሹ። ጠቆረ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ወረቀቱን አንሥተው አሸተቱት።

«ስለዚህ ቆሻሻዋ እኔ ነኝ» አሉ።

«ዘይቱ ነው፣ አክስቴ። ዱቄቱ ቅባት ላይ አይዝም።»

«ዘይቱ የማን ነው?»

ፌሌቲ ተራውን ወረቀት ከወለሉ አንሥቶ ክላሰሩ ውስጥ መለሰ።

ቶአካሴ ከአልጋቸው ተነሡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ወገቤ አልታጠፍ ብሎኛል። የምታግዘኝን ልጅ ገበያ ልኬያታለሁ። ፍራሹን አንተው አንሣ።»

«እኔ?»

«ዘይቴን የሚያዋርድ አፍ ካለህ ፍራሼን የሚያነሣ እጅ አታጣም።»

አንዳንድ ነገር ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ሲነግረኝ ግን ድምፁን አልቀነሰም፤ ፊቱን ብቻ ከእኔ አዞረ። ፍራሹን በጠርዙ ይዞ ሲያነሣው ከበደው። ከሥሩ ሙቅ አየር ወጣ። ያ አየር አፉ ውስጥ ገባ። ላይኛው ሰሌን ደህና ነበር፣ ጠርዙ ላይ ባለ ቀለም ሱፍ የተሰፋበት። ሲገልጠው ሥሩ ያለው ሁለተኛው በጣቶቹ መሐል ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰሌን የሚባል ነገር አልነበረም። ዘይት የጠጣ፣ ሻጋታ የለበሰ፣ እንደ አሮጌ ስፖንጅ የሚረግብ ክምር ነው። የታወቀው የልጥ ጨርቅ ተያይዞ አንድ ጥቁር ንጣፍ ሆኗል። በረሮዎች ብርሃኑን ሸሽተው በእጁ ላይ ሮጡ። አንድ ጥግ ላይ አይጥ ሱፉን ቦጭቃ ጎጆ ሠርታለች፤ ጎጆው ውስጥ የደረቁ ግልገሎች ነበሩ። ዘመድ ሁሉ ራሱን ዝቅ የሚያደርግለት ሀብት ይኸው ነው።

ፍራሹን እንዳይለቀው ፈራ፤ ይዞትም መቆም ቀፈፈው። ሳጥኖቹ በግድግዳው በኩል ነበሩ። ደረቱን ክምሩ ላይ አስደግፎ፣ እጁን አሳልፎ ሁለቱንም ጎተተ። ዘይቱ ሸሚዙን አልፎ ቆዳው ላይ ደረሰ።

ፍራሹን ሲመልስ ቶአካሴ አንጋጠው ጣሪያውን ያያሉ።

«ሽታው ለእኔ የማይሸተኝ ይመስልሃል?» አሉት። «ዘይት የማርከፈክፈው ለምን ሆነና።»

«እኔ ያየሁት የለም፣ አክስቴ።»

«አይተሃል። ከማዕበሉ ዓመት ጀምሮ ነው፣ ውሃው ቤት የገባ ጊዜ። አውጥቼ ባሰጣው ሰው ያያል፣ ባላሰጣው ይበሰብሳል። ምን ላድርግ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ አዩ። «ወረቀቱ በምን ተበላሸ ቢሉህ ምን ትላለህ?»

ፌሌቲ ሁለቱን ሳጥኖች በደረቱ አቅፎ ነበር። የሚፈልገው መውጣት ብቻ ነው።

«ማሽኑ ነው እላለሁ» አለ።

ቶአካሴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና መሐረባቸውን አውጥተው የጠቆረ ጣታቸውን ማሸት ጀመሩ። አልለቅ አላቸው።

ክፍሉ ሲደርስ ሸሚዙን አውልቆ አቃጠለው። ገላውን ታጠበ፣ እንደገና ታጠበ። ከዚያ ሳጥኖቹን ከፈተ። ላይ ላዩንና ሥር ሥሩን ጣለ። መሐሉ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን እያየ ለየ፤ ነጠብጣብ ያለውን ሁሉ አወጣ። የተረፈው ዘይት ባይነካውም የፍራሹን እርጥበት ጠጥቶ ስለነበር ኮኮናት በሚደርቅበት ምድጃ አጠገብ፣ እንዳይጠቀለል ከባድ ሳንቃ ጭኖበት እስከ ቀትር አቆየው። ወረቀቱን በጠርዙ እየያዘ አተመ። የመጀመሪያውን ገጽ እስኪበርድ ጠበቀና በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሻሸ። ኤሊዋ አልተነቃነቀችም። ፕላስተር ለጥፎ አነሣው፤ ፕላስተሩ ባዶውን ተነሣ።

በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ያን ቀን ስልሳ አምስት ገጽ ጨርሶ ለሴቶቹ ሲያስረክብ ኤሴታ፣ «ምነው ፊትህ? የሰው ቀብር ነው እንዴ ያተምከው?» ብትለው የመጨረሻውን ገጽ አስጨብጧት ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ስድስት መቶው ጠርሙስ ማናሴ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሴቶቹ አዳራሹ ፊት ቆመው ቄሱ ጸለዩ። ቶአካሴ ነጭ ለብሰው ወጡ። አንዱን ጠርሙስ አንሥተው በነጭ መሐረባቸው ሌብሉን ጠረጉና መሐረቡን ዘርግተው ለሁሉም አሳዩ። ነጭ ነው። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

«የወንድሜ ልጅ ማሽኑን አጽድቷል» አሉ። «ቆሻሻ ነበር፤ መከርኩት፣ ሰማኝ። ከእንግዲህ ንጽሕናውን ይጠብቃል።»

ሁሉም ወደ ፌሌቲ ዞሩ። እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«እውነት ነው» አለ። «ማሽኑን ሳላጸዳው ቆይቼ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኤሴታ ሳሙናውን አስታውሳ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማናሴ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ካቫ ስንጠጣ እንግዲህ ጽዋውን የምንጠርገው እኛ ነን» አለ። መኪናው ወደ ወደቡ ወረደ። መርከቡ ላይ ሲጫን ፌሌቲ አልሄደም።

ቤት ሲገባ ሌሲየሊ አሳ በኮኮናት ወተት ሠርታ ጠበቀችው። እጁን ሲታጠብ ከኋላው ቆማ ጠየቀችው።

«ሕዝቡ ፊት ያልከውን ሰማሁ። እሺ፣ እሱ የአንተ ጉዳይ ነው። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። አልጋቸውን አንተን አስነሡህ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«እሳቸው ቤት ያለችው ልጅ ከገበያ ስትመለስ ሳጥን ተሸክመህ ስትወጣ አይታሃለች። አየኸው እንግዲህ?»

«ምኑን?»

«ሰሌኑን ነዋ። ልጃችን ስታገባ ከመሐሉ አንድ እንደሚሰጧት ቃል ገብተውልኛል። ያ ባለ ቀይ ሱፉ ይሆን? ወፍራም ነው?»

ፌሌቲ ውሃውን ዘጋ። «ወፍራም ነው» አላት።

ሌሲየሊ ደስ ብሏት አሳውን አቀረበች። ወተቱ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ቅባት ሠርቷል። ፌሌቲ አየውና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ተነሣ።